ዜንግ ሄ እስከ ሞቃዲሾ፣ ወሬው እስከ አሜሪካ

(በአንድ የንባብ ክበብ ወርኃዊ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ! የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤ ከበሩ አጠገብ የቆማችሁ ወጣቶችም፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ፣ ኑ ተቀመጡ። መምህር ስላልሆንኩ አስነሥቼ የምጠይቀው ሰው የለም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ቻይናውያን ከኮሎምበስ በፊት አሜሪካ ደርሰዋልን?» የሚል ነው። መልሱን አሁኑኑ ልናገርና ልገላገል፦ ደርሰዋል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። (ሳቅ) በቃ፤ የቸኮለ ሰው መሄድ ይችላል። የምትቀሩት ግን አድምጡኝ። ከዚህ ወሬ ጀርባ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ከወሬውም ይበልጣል። ደግሞ የተፈጸመው ሩቅ አይደለም። ኤደን ነው። ሞቃዲሾ ነው። አሜሪካ አሜሪካ ስንባባል ደጃችን ላይ የሆነውን ዘነጋነው፤ የኔ ቅሬታ ይኸው ነው።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ የወሬው ባለቤት የሆነው ቻይናዊ የባሕር አዛዥ ዜንግ ሄ ማን ነው፣ ምንስ ሠራ? ሁለተኛ፣ ይህ የአሜሪካ ወሬ ከየት መጣ? ሦስተኛ፣ ምን ቢገኝ ነው የምናምነው? ሁለተኛው ይረዝማል፣ አስቀድሜ ይቅርታ። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። ዜንግ ሄ በ1371 ዩናን በሚባለው የደቡብ ምዕራብ ቻይና ግዛት ተወለደ። ከባሕር በጣም የራቀ፣ ተራራማ አገር ነው። ቤተሰቡ ሙስሊም ነው፤ አባቱም አያቱም ሐጂ ተብለው የሚጠሩ ነበሩ። ልጁ ገና አሥር ዓመት ገደማ ሳለ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ጦር ዩናንን ወረረ፤ ተማረከ፣ ተሰለበ፣ ጃንደረባ ሆኖ ለአንድ ልዑል ተሰጠ። ያ ልዑል ቆይቶ በወንድሙ ልጅ ላይ ጦር አንሥቶ በ1402 ዙፋኑን ነጠቀ፤ ዮንግሌ የተባለው ንጉሠ ነገሥት እሱ ነው። በጦርነቱ አብሮት የተዋጋውን ጃንደረባ የባሕር ዘመቻ አዛዥ አደረገው። ተራራ ያሳደገው ልጅ የባሕር አዛዥ ሆነ ማለት ነው።

ለምን መርከብ ላከ ብላችሁ ጠይቁ። ዙፋን የነጠቀ ንጉሥ ምን ይፈልጋል? እውቅና ይፈልጋል። ከሩቅ አገር የመጡ መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው ፊቱ ሲሰግዱ የገዛ መኳንንቱ እንዲያዩለት ይፈልጋል። ንግዱም አለበት፣ ኃይል ማሳየቱም አለበት። አዲስ ምድር ፍለጋ ግን የለበትም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከ1405 እስከ 1433 ሰባት ጊዜ ወጡ። በመጀመሪያው ጉዞ ከ27,000 በላይ ሰው ነበር። ወታደር፣ ሐኪም፣ አስተርጓሚ፣ ጸሐፊ፣ አናጺ፣ ወጥ ቤት። የሚንግ ታሪክ እንደሚለው ትልልቆቹ መርከቦች 44 ዣንግ ይረዝሙ ነበር፤ ወደ 130 ሜትር ማለት ነው። የመርከብ መሐንዲሶች እዚህ ላይ ያጉረመርማሉ፤ እንጨት ብቻውን ያን ያህል ርዝመት በማዕበል መካከል አይችልም ይላሉ፣ ግማሹን ያህል ቢሆን ነው የሚሉም አሉ። ይሁን፣ ግማሹን ውሰዱ! የኮሎምበስ ሳንታ ማሪያ ወደ 20 ሜትር ገደማ ነበረች።

አሁን ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት በወጣትነቴ ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ ምጽዋ። የባሕር ካርታ አነባበብ የሚያስተምረን አንድ ሻለቃ ነበር፤ ሳቅ የማያውቅ ሰው። አንድ ቀን ከምጽዋ እስከ ቦምቤይ መንገድ አስምሩ አለን። ከጎኔ የተቀመጠው ጓደኛዬ ማስመሪያውን አጋድሞ ከባብ ኤል ማንደብ ጀምሮ እስከ ሕንድ ጠረፍ ድረስ ቀጥ አድርጎ አሰመረው። ፈጣን ልጅ ነበር፣ ከሁላችን በፊት ጨረሰ። ሻለቃው መጣ፣ አየው፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገና «ይህ መስመር ስንት ሊትር ውኃ ይጠጣል?» አለው። ልጁ ዝም። «ከባሕር ላይ የሚበቅል ውኃ የለም፤ መስመር ከማስመርህ በፊት ሰዎቹን አጠጣ!» አለና ሄደ።

እስቲ የዜንግ ሄን ሰዎች እናጠጣ። ለመጠጥም ለማብሰያም ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ብቻ እንስጥ። 27,000 ሰው በቀን 108,000 ሊትር ይጨርሳል። በአንድ ወር ከ3 ሚሊዮን ሊትር በላይ። እንዲህ ያለ መርከብ ሠራዊት ከወደብ ወደ ወደብ ካልሆነ የትም አይሄድም። ሄዱም በወደብ በወደብ ነው፦ ቻምፓ፣ ጃቫ፣ ማላካ፣ ስሪላንካ፣ ከዚያ በሕንድ ጠረፍ ላይ ያለችው ካሊከት። ከካሊከት እስከ ሆርሙዝ፣ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ እስካለችው ወደብ፣ በደኅና ነፋስ 25 ቀን እንደነበር አስተርጓሚያቸው ማ ሁዋን ጽፏል። ማንም ያልረገጠው መንገድ አልነበረም። ዐረቡም፣ ፋርሱም፣ ጉጅራቱም ለብዙ መቶ ዓመታት የተመላለሰበት ነው። ወደቡ የታወቀ፣ ነፋሱ የታወቀ።

ነፋሱ ስል፣ ምጽዋ ያያችሁ ሳምቡኮቹን፣ ባለ ሸራዎቹን የእንጨት ጀልባዎች፣ ታስታውሳላችሁ። ናኾዳዎቹ፣ ማለት የሳምቡክ አዛዦቹ፣ ከኛ ጋር ሻይ ሲጠጡ «መቼ ትነሣላችሁ?» ብንላቸው ቀን አይነግሩንም፤ የነፋስ ስም ነው የሚነግሩን። አዝያብ ሲመጣ፣ ሻማል ሲመጣ ይሉናል። የሕንድ ውቅያኖስም እንዲሁ ነው፤ በብርዳቸው ወራት ነፋሱ ከእስያ ወደ አፍሪካ ይገፋል፣ በሙቀታቸው ወራት ይገለበጥና መልሶ ይወስዳል። መሄጃም መመለሻም ያለው ውቅያኖስ ነው። ቻይናውያኑ ይህን የቀን መቁጠሪያ አክብረው ነው የተጓዙት።

በአራተኛው ጉዞ ሆርሙዝ ደረሱ። በአምስተኛው ደግሞ ኤደን፣ ሞቃዲሾ፣ ብራቫና ዛሬ ኬንያ ውስጥ ያለችው ማሊንዲ። ማ ሁዋን ስለ ኤደን ሲጽፍ ሰባት ስምንት ሺህ በደንብ የሠለጠነ ፈረሰኛና እግረኛ እንዳላት፣ ስለዚህም ጎረቤቶቿ እንደሚፈሯት ይናገራል። ከሌላው የጉዞው ጸሐፊ ከፌይ ሺን ደግሞ የሞቃዲሾን ባለ አራት ባለ አምስት ፎቅ የድንጋይ ቤቶችና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች እናነባለን። እስቲ አስቡት! ከዘይላ ማዶ፣ ከኛው ባሕር አፋፍ ላይ የቆመ የቻይና ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ!

ቀጭኔዋንም መርሳት አይገባም። በ1415 የማሊንዲ መልእክተኞች ቀጭኔ ይዘው የቻይና ንጉሥ ዘንድ ቀረቡ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎም ከቤንጋል አንዲት መጥታ ነበር። ቻይናውያን ቺሊን የሚሉት፣ ደግ ንጉሥ ሲነግሥ ብቻ ይታያል የሚባል የተረት እንስሳ አላቸው፤ መኳንንቱ ያ ነው አሉ፣ ንጉሡም አልተከፋም። (ሳቅ) እኛስ በዚያው ዘመን ምን እናደርግ ነበር? የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ነብር ይዘው ቬኒስ ገብተዋል! ከአፍሪካ ቀንድና ከጠረፉ አንዱ ነብሩን ወደ ሰሜን፣ ሌላው ቀጭኔውን ወደ ምሥራቅ ይጭናል። ያ ዘመን ዝም ያለ ዘመን እንዳይመስላችሁ።

ሁሉም ግን ስጦታና ሰላምታ አልነበረም። ሱማትራ ደሴት ባለችው ፓሌምባንግ ላይ የባሕር ወንበዴዎቹን አለቃ ይዘው ወስደው አስገደሉት፤ በዚያ ውጊያ ያለቀው ሰው በሺህ የሚቆጠር ነው። ስሪላንካ ላይ ከንጉሡ ጋር ተዋግተው ማርከው ቻይና ወሰዱት። እዚያው ስሪላንካ፣ ጋል ላይ፣ ያቆሙት የድንጋይ ጽሑፍ በ1911 ተገኝቷል፤ በቻይንኛ፣ በታሚልና በፋርስ ቋንቋ ተጽፎ የተቀረጸበት ዘመን 1409 ነው። ዛሬ ኮሎምቦ ሙዚየም ቆሟል። ድንጋይ! የሚታይ፣ የሚነካ ድንጋይ። ይህንንም ያዙልኝ።

ከዚያ ቆመ። በ1421 አዲስ የተመረቀው የቤይጂንግ ቤተ መንግሥት አዳራሾች በመብረቅ ተቃጠሉ፤ መኳንንቱ ሰማይ ተቆጣ አሉ። ዮንግሌ በ1424 ሞተ፤ ልጁ ነገሠና ጉዞውን አስቆመ። ገንዘቡ ለሰሜኑ ድንበር፣ ለሞንጎሎቹ ተፈለገ። የልጅ ልጁ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሰባተኛው ጉዞ፣ ላከ። በ1433 አበቃ። ቫስኮ ዳ ጋማ ማሊንዲ ሲደርስ 1498 ነው፤ 65 ዓመት ዘግይቶ።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ጎኔ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን እያሳየኝ «አባባ፣ አሜሪካን ያገኘው ኮሎምበስ አይደለም፤ ቻይና ነው። ፈረንጆቹ ደብቀውብን ነው» አለኝ። «ደብቀውብን» ነው ያለው፤ እኛም የተሰረቅን ያህል! ወጣቱን አልፈርድበትም። ፈረንጅ እኔ አገኘሁ ያለውን ሁሉ መጠርጠር የተማርነው በከንቱ አይደለም። ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አገኘሁ ብሎ ጮኸ፤ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ቄስ በ1618 ደርሶ ነበር፤ የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ጠበሉን ይጠጣ ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬው ደግ ነው። ነገር ግን ኮሎምበስን የጠረጠረ ሰው፣ ቀጥሎ የመጣውን ባለ ታሪክ ያለ ጥያቄ ማመን አለበት? ለምን?

ወሬው አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ2002 ነው። ጋቪን ሜንዚስ የተባለ ጡረተኛ የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ መጽሐፍ አወጣ። በ1421 የወጡት የዜንግ ሄ የበታች አዛዦች ዓለምን ዞረዋል፣ አሜሪካን፣ አውስትራሊያን፣ የደቡብ ዋልታን ዳርቻ ሳይቀር አይተዋል አለ። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ተቸበቸበ። የታሪክ ሊቃውንት አንድ ባንድ ሲመረምሩት ግን አልጸናም። እሱ የሰጠው መልስ «እኔ መርከበኛ ነኝ፤ ካርታና ነፋስ አውቃለሁ፤ እነሱ የወረቀት ሰዎች ናቸው» ዓይነት ነበር።

እሺ። እኔም መርከበኛ ነበርኩ። (ጭብጨባ) አይ፣ አታጨብጭቡ፤ መርከበኛነት ማስረጃ አይሆንም፣ የኔም የሱም። የኔ ሻለቃ ግን አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ስንት ሊትር? የሜንዚስ መርከቦች ለማያውቁት ውቅያኖስ ውኃ የቀዱት የት ነው? በየትኛው ወደብ? ማን ሸጠላቸው?

ደግሞ የስድስተኛው፣ ማለት በ1421 የተነሣው ጉዞ ሥራ ምን እንደነበር ይታወቃል። ቤይጂንግ የመጡትን የ16 አገር መልእክተኞች ወደየአገራቸው መመለስ! እንግዳ ሸኚ ነበሩ። እንግዳውን ሆርሙዝ ሊያደርስ የወጣ ሰው የደቡብ ዋልታ ምን ወሰደው?

ማስረጃ የተባሉትን ሁሉ ብዘረዝር እዚሁ እናድራለን። ሁለቱን በችኮላ ልለፍ። አሜሪካ ኒውፖርት ከተማ ያለው የድንጋይ ግንብ የቻይናውያን ነው ተባለ፤ የኖራው ዕድሜ ሲመረመር 17ኛው መቶ ዘመን ሆነ። በ2006 ደግሞ አንድ ሰብሳቢ ቤይጂንግ ላይ ካርታ አሳየ፤ በ1763 የተገለበጠ፣ ዋናው ግን የ1418 ነው ተብሎ። ካርታው ዓለምን በሁለት ክብ ከፍሎ ያሳያል፤ ያ ደግሞ የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ኋላ ያመጡት አሣሣል ነው። በ1418 የተነሣ ፎቶግራፍ እንደማሳየት ነው።

አሁን የምወዳቸው ሁለት ነገሮች ላይ ደረስኩ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉብኝ።

አንደኛው የሆንግ ባኦ ነገር ነው። ሆንግ ባኦ ከዜንግ ሄ የበታች አዛዦች አንዱ ነው፣ እሱም ጃንደረባ። ሜንዚስ ወደ ደቡብ ዋልታና ወደ አውስትራሊያ የላከው እሱን ነው። መጽሐፉ ወጣ፣ ስምንት ዓመት አለፈ። በ2010 ናንጂንግ አጠገብ ቁፋሮ ሲካሄድ መቃብር ተገኘ። የማን? የሆንግ ባኦ! የተቀረጸ ድንጋይም ተገኘበት፤ ዘመኑ 1434፣ ከመጨረሻው ጉዞ በኋላ። የሕይወት ታሪኩ ተጽፎበታል። እስቲ ንገሩኝ፤ አዲስ ዓለም ያየ ሰው፣ የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሠራውን ሲያስጽፍ፣ ያንን ይተወዋል? ድንጋዩ የሚቆጥረው ቻምፓን፣ ጃቫን፣ ስሪላንካን፣ ካሊከትን፣ ሆርሙዝን፣ ኤደንን ነው። ኤደን! የሰውዬው ኩራት ኤደን መድረሱ ነበር። ከኛ ማዶ መድረሱ ነበር። እኛ ግን ለክብሩ አይበቃውም ብለን አሜሪካ እናድርሰው እንላለን።

ዜንግ ሄ ራሱም ቢሆን በ1431፣ ለመጨረሻው ጉዞ ከመነሣቱ በፊት፣ ቻንግሌ ላይ ድንጋይ አስቀርጿል። ስለ ተራራ የሚያህል ማዕበል ይናገራል፣ ሠላሳ ከሚበልጡ አገሮች ደረስን ይላል። ትሑት ሰው አልነበረም። አዲስ አህጉር ግን አይልም።

ሁለተኛው የቬኒሱ ካርታ ነው፤ እዚህ ላይ የኛ ሰዎች ይመጣሉ። ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በ1450 ገደማ ሁለት ሜትር የሚያህል የዓለም ካርታ ሣለ። ካርታው ላይ አንድ ጽሑፍ አለ፦ በ1420 ገደማ ከሕንድ የተነሣች መርከብ የአፍሪካን ጫፍ አልፋ 40 ቀን ወደ ምዕራብ ሄደች፣ ከአየርና ከውኃ በቀር ምንም አላየችም፣ ተመለሰች ይላል። ሜንዚስ ይህችን ያዘ፤ ቻይናውያኑ ናቸው አለ። ጽሑፉ ግን የሕንድ መርከብ ነው የሚለው። ደግሞ መርከበኞቹ ሲመለሱ ዝሆን የሚያነሣ ወፍ እንቁላል እንዳገኙ ይጨምራል፤ እንቁላሉን ግን ማንም አይጠቅሰውም! (ሳቅ)

ያው ካርታ ስለ ሐበሻ ምድርም ይናገራል። ፍራ ማውሮ የጻፈውን ታውቃላችሁ? ይህን ክፍል ያገኘሁት ከዚያው አገር ከመጡ ካህናት ነው፣ አውራጃውንና ወንዙን በገዛ እጃቸው ሣሉልኝ ይላል። የኛ መነኮሳት! ዓባይ አለበት፣ አዋሽ አለበት፣ ሸዋ አለበት። ዛሬ ተነሥታችሁ ሄዳችሁ ታረጋግጣላችሁ፤ አዋሽ አለ። እንግዲህ በአንድ ብራና ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ተቀምጧል፤ አንዱ አገሩን የሚያውቅ ሰው የሣለው፣ ሌላው ከወደብ የተለቀመ። ለምን ይሆን ዓለም ለእንቁላሉ ወሬ ያጨበጨበውና የመነኮሳቱን ካርታ የረሳው? እኔ ይህ ያናድደኛል። ይቅርታ፣ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ፖለቲካውንም በአጭሩ። በ2003 የቻይናው ፕሬዚዳንት ሁ ጂንታዎ በአውስትራሊያ ፓርላማ ቆመው የሚንግ መርከቦች በ1420ዎቹ የአውስትራሊያ ጠረፍ ደርሰዋል ብለዋል። ዛሬ ሐምሌ ሲመጣ ቻይና የዜንግ ሄን ጉዞ መነሻ ያደረገ የባሕር ቀን ታከብራለች፤ የሰላም መልእክተኛ ነበር ትላለች። የስሪላንካው ንጉሥ ቢጠየቅ ሌላ ይል ነበር። ወሬውን የፈጠረው እንግሊዛዊ ቢሆንም የተመቸው ሰው ብዙ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። ምን ቢገኝ እናምናለን? ምሳሌ አለልን። የሰሜን አውሮፓ ቫይኪንጎች ከኮሎምበስ 500 ዓመት በፊት አሜሪካ እንደደረሱ የአይስላንድ ትረካዎች ይናገሩ ነበር። ብዙ ሰው ተረት ነው ብሎ ሳቀ። በ1960 ግን ሄልጌ ኢንግስታድ የተባለ ኖርዌያዊ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ የቤት ፍርስራሽ አገኘ፤ ሚስቱ አን ስቲን፣ እሷ ነበረች የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ፣ ቆፈረችው። የብረት ማቅለጫ ወጣ፣ የሴት እንዝርት ክብደት ወጣ። በ2021 ደግሞ እዚያ በብረት መሣሪያ የተቆረጠው እንጨት ዘመኑ ልክ 1021 መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ የሳቁት ሊቃውንት ምን አደረጉ? አመኑ። ማንም አልደበቀም።

ያ ሁሉ የሆነው ጥቂት ሰዎች ለጥቂት ዘመን ኖረውበት ነው። በመቶ የሚቆጠር መርከብ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው አሜሪካን ዞሮ አንዲት መልሕቅ አይጥልም? አንድ ሰው አይቀብርም? አንድ ስኒ አይሰብርም? ካልተነካ አፈር ውስጥ፣ ከ1492 በፊት በሆነ ንብርብር፣ አንድ የሚንግ ገንዘብ ቢወጣ የመጀመሪያው አጨብጫቢ እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ ገንዘብ የወጣው የት እንደሆነ ልንገራችሁና ልጨርስ። በ2010 ከማሊንዲ አጠገብ የዮንግሌ ዘመን የመዳብ ሳንቲም በቁፋሮ ተገኘ። በ2013 ደግሞ እዚያው ኬንያ፣ ላሙ አጠገብ ባለችው ማንዳ ደሴት ሌላ ተገኘ፤ መሐሉ በአራት ማዕዘን የተበሳ፣ የንጉሡ የዘመን ስም ያለበት። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በሶማሊያ ጠረፍ እስከ ኤደን ድረስ፣ ገና ብዙ ያልተቆፈረ፣ ብዙ ያልተጠለቀበት ባሕርና አሸዋ አለ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ወጣቶች መካከል አርኪዮሎጂ የምትማሩ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እጃችሁን እስቲ? ሁለት... ሦስት። ከስብሰባው በኋላ አትሂዱብኝ፣ የማነጋግራችሁ ነገር አለኝ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ስለ ቀጭኔዋም ቢሆን።